እማ መንገደኛ የሆነችበት ጠዋት

ውድ ወንድሜ ሙሀጅር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለፈው ተኮራርፈን ስልክ ስለተዘጋጋን በደብዳቤ መጣሁብህ። በስልክማ ሳልጨርስ ታቋርጠኛለህ፤ ራስህን ታውቃለህ።

ሐኪሙ "የመርሳት በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድናትም" ካለን ወዲህ እማ ስማችንን ብትረሳም ለምደነዋል። አንዳንዴ በእህቷ ስም ዙህራ ትለኛለች፤ እኔም አቤት እላለሁ። ያቃተን ጾሙ ነው። ረመዳን ካለፈ ወራት ቢሆነውም ለእሷ አላለቀም። ቁርስ ሳቀርብላት "አስተግፊሩላህ! በጾም?" ብላ ሳህኑን ትገፋዋለች። መድኃኒቷ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል።

አንተ "እውነቱን ንገሪያት" አልከኝ። ነገርኳት፤ ቀኑንም በስልኬ አሳየኋት። "ልጄ ጾሜን ልታስፈታኝ!" እያለች ስታለቅስ ዋለች። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሁለተኛ አልሞክረውም።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን እትዬ እታገኝ ናቸው። በወጣትነታቸው ከእማ ጋር ለጨርቅ ንግድ አዲስ አበባ ይመላለሱ አልነበር? "ኧረ እናትሽ መንገድ ላይ አትጾምም ነበር! 'መንገደኛ ነኝ፣ ስመለስ እከፍለዋለሁ' እያለች ከእኔ እኩል ነበር የምትበላው" አሉኝ።

ሸኽ ሙርሺድን ሄጄ "መንገድ ይዣት ብወጣና እንድትበላ ባደርግስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሷ ላይ ጾም የለባትም፤ አላህ ለበሽተኛ አቅልሎለታል። በዚህ ልቧ የሚያርፍ ከሆነ ግን ውሰጃት" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት "እማ፣ ሰርቦ እንሂድ" አልኳት። ብታያት! ሻርፗን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀድማኝ በር ላይ ቆመች። ሚኒባሱ ከከተማ ሲወጣ የያዝኩትን የገብስ ጭኮ ከፈትኩ።

"እማ፣ መንገደኛ ነን እኮ" አልኳት።

እኔን አየች፣ መንገዱን አየች። "እውነትሽን ነው። ቢስሚላህ!" ብላ ጎረሰች። "ኛዱ፣ አንቺም ብዪ!" እያለች አጎረሰችኝ። አጠገባችን የተቀመጡት ሳይቀሩ ጎረሱ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገርህ!

አሁን ሁልጊዜ ሰርቦ አንሄድም። አንዳንድ ቀን በባጃጅ ቦሳ አዲስ ሰፈርን ዞረን እንመለሳለን፤ አንዳንድ ቀን ቦርሳዋን ማንጠልጠሏ ብቻ ይበቃል። ይኼ ርቀት መንገደኛ አያሰኝም ብለህ እንዳትከራከረኝ አደራ። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፣ ጉንጯም እየተመለሰ ነው። በሽታዋ እንደማይድን አውቃለሁ። ግን ቤታችን ውስጥ እንደገና ይሳቃል።

ትናንት በልታ ስትጨርስ ከጭኮው ቀንሳ በፌስታል ቋጠረች።

"ለማን ነው?" አልኳት።

ስምህን ፈለገችው፤ አጣችው። "ለዚያ... መንገድ ለወጣው ልጄ። ሲመጣ ይርበዋል" አለች።

ና እንጂ፣ ሙሀጅር። በስምህ ባትጠራህም ታጎርስሃለች።

እህትህ ነጅላ
ጅማ