በቀዶ ጥገናው በር ላይ ስለተሰቀሉት ፊደሎቼ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎም እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልኩ ይህን ግልጽ ደብዳቤ አንገቴን ደፍቼ አቀርባለሁ። እኔ የፊደል ቅርጽ ሠሪ ነኝ፤ ለቡጢ ውድድር ማስታወቂያ የሣልኳቸውን ወፍራምና ባለ ሹል ጥግ ፊደላት ወደው በሆስፒታሉ በሮች ሁሉ ላይ ስላሰቀሉልኝ ላመሰግንዎ ይገባል።

ፊደሎቹ የተፈጠሩት በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ከመንገዱ ማዶ አይቷቸው ዛሬ ማታ ድብድብ እንዳለ እንዲገባው ነበር። ስለዚህ ክብ ነገር የላቸውም፤ እግራቸው በማስመሪያ የተቆረጠ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ ናቸው። እርስዎ ግን ተቋሙ ጠንካራ መልክ እንደሚያስፈልገው ገልጸው ትንሽ ወፈር እንዲሉ ሲያዙኝ፣ ሙያዬ የገባው አለቃ አገኘሁ ብዬ በደስታ አወፈርኳቸው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በማዋለጃው በር ላይ «ቀስ ብለው ይግቡ» የሚለው ጽሑፍ ሰውን እየተቆጣ ነው የሚያስገባው። ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ በሕፃናት ክፍል «ዝምታ» የሚለው ቃል ከታመሙት ልጆች ሁሉ በላይ ይጮኻል። ነርሷ በካላንደር ሸፍናዋለች፤ እባክዎ አይቅጧት፣ ካላንደሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው የራሴ ጉዳይ ነው። እናቴ የሐሞት ከረጢት ጠጠሯን ለማስወጣት ቀጠሮ ተይዞላት፣ ክንዷን ደግፌ እስከ ቀዶ ጥገናው በር አደረስኳት። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ጥጉ ሁሉ ለመቁረጥ የተሳለ ይመስላል። ቆማ ትኩር ብላ ካየችው በኋላ፣ «ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም እንዴ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ፊደል ይሠራል እያለች የምትኮራብኝ ሴት ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እኔ ግን አላውቅም አልኳት። ሻርፗን ሰብስባ ወደ ቤት ተመለሰች። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው መዘግየት እንደሌለበት ነግሮናል፣ ሕመሙም እየባሰባት ነው፤ እሷ ግን በዚያ በር አላልፍም ብላለች።

ስለዚህ ሌሎቹ በሮች እንዳሉ ይቆዩና፣ ለዚያ ለአንዱ በር ብቻ ክብ ክብ ያለ፣ ለስለስ ያለ ጽሑፍ ሠርቼ ጸሐፊዎ ዘንድ አስቀምጫለሁ። የተቋሙ መልክ ወጥነቱን ያጣል የሚል መልስ ሰጥተውኛል። በታማሚ ነፍስ ፊት ቆሞ ስለ ወጥነት ማሰብ ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም፤ እኔም ጥግ ሳሾል ይኸው ጸጋ ነበረኝ፣ አፍሬበታለሁ።

ከማይቀንስ አክብሮትና ከማይለቀኝ እፍረት ጋር፣
የበሮችዎ ፊደል ሠሪ፣ በበሩ አላልፍም ያለችው እናት ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መልስዎን ልቀበል ስመጣ የራስዎን ቢሮ በር አየሁት። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው በቀጭንና በክብ ፊደል ተጽፏል። ልዩነቱን የማያውቁት መስሎኝ ነበርና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያችን ሰሌዳ ለአንድ ቀን ቢያውሱን እናቴ ትገባ ነበር።