አሰገደች ከሞተች በኋላ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመሳፍንት፤

«መሳፍንቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩን ካነሣሁ በኋላ አፈርሁ። ባልና ሚስት በስልክ ብቻ ሲኖሩ እንዲህ መተፋፈር ያመጣል መሰለኝ። እንዴት ሰነበትህ? ጨጓራህስ? ዛሬም በባዶ ሆድህ ቀረጻ እየሄድህ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ክረምቱ ወጥቷል። ጤፉ ቢጫ መልበስ ጀምሯል፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ግን ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ባለፈው ደውለህ ላልኸኝ ነገር በስልክ መልስ መስጠት አልቻልሁም። የአውቶቡሱ ሾፌር ጌቱ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ በእሱ እጅ ይደርስሃል።

«አብይ አንቺን የሚመልስበት ዘዴ አገኘ» አልኸኝ። ዳይሬክተራችን መቼም ዘዴ አያጣም። በድራማው አሰገደች መንታ እህት እንዳላት ተደርጎ፣ መንታዋ ከጎጃም ስትመጣ፣ አንተ በር ከፍተህ የሞተችው ሚስትህ የቆመች መስሎህ ስትደነግጥ... ትዕይንቱን በሙሉ ተረክህልኝ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። መንታዋ ምን እንደምትለብስ ነገርኸኝ። አንተ ማታ ማታ ምን እንደምትበላ፣ ከማን ጋር እንደምትበላ ግን አልነገርኸኝም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አሰገደችን ስለምወዳት ሐሳቡ ልቤን አልነካውም ብዬ አልዋሽህም። ከእሷ በፊት እኮ ለስንት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ተወንሁ። ሻይ አቀርባለሁ፤ «እመቤቴ፣ ሰው መጥቷል» እላለሁ፤ እወጣለሁ። እናቴ ጎረቤቱን ሰብስባ ቴሌቪዥን ስትከፍት እኔ ትሪ ይዤ አልፌ እጠፋለሁ። «ወዴት ሄደች?» ይሏታል። «ወጥ ቤት ናት፣ ትመለሳለች» ትላቸው ነበር። አሰገደችን ሳገኝ ነው መንገድ ላይ የተጠራሁት፤ ያውም በእሷ ስም። አንተ የአሰገደች ባል ነበርህ። መጀመሪያ በድራማው ተጋባን፤ በዓመቱ በእውነት ስንጋባ ሰዉ «ድሮስ አልተጋቡም ነበር?» ብሎ ሳቀብን።

እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲላት ለሁለት ወር ብዬ መጣሁ። እናንተም አሰገደችን ለሕክምና ውጭ አገር ላካችኋት። ሁለት ወሩ ዓመት ሆነ። እናቴ አንድ እጇ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ በዚያ እጇ ፀጉሬን ይዛ ነበር የምትተኛው። እንዴት ትቻት ልምጣ? ኅዳር ላይ ስታርፍ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አንተም በዚያ ምክንያት አልመጣህም። ክፍት ቢሆን ትመጣ ነበር ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅሁበት ቀን ግን ብዙ ነው። አንተን ጠይቄህ አላውቅም። ዛሬም አልጠይቅህም።

የካቲት ላይ አሰገደችን ገደላችኋት። ያን ቀን መብራት ስለነበረ ጎረቤታችን ሸጊቱ ቤት ሄጄ አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ሣጥኑ ሲወጣ ሸጊቱ ብድግ ብላ፣

«ዝጉት! ሰው በቁሙ ቀብሩን ያያል እንዴ?» አለች።

«ተዪው፣ እትዬ፤ ልየው» አልኋት።

የፈለግሁት አንተን ለማየት ነበር። ከተለያየን ወዲህ ፊትህን እንዲያ ቀርቤ አላየሁትም ነበር። መሳፍንት፣ እናቴን ስቀብር አልነበርህም፤ እኔን ስትቀብር ግን አየሁህ።

የካሜራ ለቅሶህን አውቀዋለሁ። አገጭህን ለብርሃኑ ቀና ታደርጋለህ፤ ግራ እጅህ ግንባርህ ላይ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ፊትህን ከካሜራው አዞርህ። አገጭህ ደረትህ ላይ ወደቀ። አፍንጫህ ፈሰሰ፤ አልጠረግኸውም። መልኩን እንዳንተ የሚጠብቅ ሰው አፍንጫው ሲፈስ ዝም አይልም። ሴቶቹ ለአሰገደች አለቀሱ። እኔ ሻሼን አፌ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ሸጊቱ ከኋላዬ መጥታ አጥሩ ሥር ስታገኘኝ «እግዜር ያጥናሽ» ልትል ጀመረችና ሳቋ መጣ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም ስቀን ስንጨርስ እያለቀስን ነበር።

ማስተማሩን የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። የከተማው ወጣቶች በሬን አንኳኩ። ትምህርት ተቋርጦባቸው ቤት ቁጭ ብለዋል፤ «የአሰገደችን አለቃቀስ አስተምሪን» አሉኝ። በእናቴ ግቢ ጀመርን። ሲበዙ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው አሮጌ አዳራሽ ተሰጠን። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እነሱ ከዝናቡ በላይ እንዲሰሙ ድምፅ ማውጣት አስተማርኋቸው። ድምፄ ተዘግቶ ሳምንት በምልክት ብቻ ያስተማርሁበት ጊዜ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ደክሜም፣ እንደዚያ ተኝቼም አላውቅም።

የኔአለም የምትባል ልጅ አለችኝ። የቁይ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ለትምህርት እዚህ አክስቷ ጋ መጥታ ነው። የመጀመሪያ ቀን መድረኩ ላይ ወጥታ ነጠላዋን በአውራ ጣቷ ከጆሮዋ ኋላ መለስ አደረገች፤ ከዚያ ተናገረች። አሰገደች ራሷ! ያችን ነጠላ መመለስ ያስተማርኸኝ አንተ መሆንህን ማንም አያውቅም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ጣትህ ጆሮዬ ላይ ያለ መሰለኝና የወንበሬን ጠርዝ ያዝሁ።

«ይህችን ተያት፤ ሞታለች» አልኋት። «የምታውቂውን ሰው አምጪልኝ።»

«ማንን?»

«ቤታችሁ ያለ ሰው።»

በማግስቱ አባቷን በድምፅዋና በአረማመዷ ይዛልኝ መጣች፤ አቶ በላቸውን። እናቷ በሕይወት ሳለች አባቷ ከእሷ ጋር ሲጣላ ውሎውን እርሻ ላይ ያረዝማል። ሲመሽ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሰማይ ያያል፤ ዱላውን ከትከሻ ትከሻ ያዛውራል። በመጨረሻ፣ «ላሟ ገባች ወይ?» ይላል። ላሟ ገብታ ታስራለች፤ እሱም ያያታል። «አሁንም ተቀይመሻል ወይ?» ማለቱ ነው። እናት ከውስጥ «ገብታለች» ትላለች። በቃ፤ በዚያ ታርቀው ይበላሉ።

ከመስቀል በኋላ ለሕዝብ ልናሳየው አዳራሹን ሞላነው። ልንጀምር ስንል የኔአለም መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስታይ ፊቷ ጠቆረ። አባቷ በኋለኛው ወንበር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ልጅህ አዝማሪ ልትሆን ነው ብለውት ሊወስዳት ነው የመጣው።

«ተዪው፤ ሌላ እናሳያለን» አልኋት።

«ይህን ከተውሁ ምን አለኝ?» አለችና መድረኩ ላይ ወጣች።

ሰዉ በሳቅ ሞተ። ሴቶች ባሎቻቸውን በክርን ይጎስሙ ነበር። «ላሟ ገባች ወይ?» ስትል ግን ከኋላ ወንበር ተገፋ፤ አቶ በላቸው ተነሣ።

«አንቺ ልጅ! እኔ እንዲህ ነበርሁ?»

ልጅቱ ዱላውን እንደያዘች፣ «አዎ፣ አባባ» አለች።

«እናትሽስ... ስለ ላሟ እንዳልነበር ታውቅ ነበር?»

የኔአለም ዱላውን አወረደች። የአባቷ ድምፅ ጠፍቶ የራሷ ቀረ። «ታውቅ ነበር። ግን ‹አንድ ቀን እንኳ ስሜን ቢጠራኝ› ትል ነበር።»

ሰውየው ቁጭ ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልወጣም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጣ። «ልወስዳት ነበር አመጣጤ» አለኝ። «ትቆይ። ግን ሌላም ሰው አስጫውቺያት፤ እኔን ብቻ አታርጊያት።» ልሸኘው ስነሣ ቆም አለና፣

«ባለቤትሽን ሻይ ቤት በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ሚስቱ ስትሞት እውነቱን ነው ያለቀሰ» አለኝ።

«ሚስቱ እኔ ነኝ እኮ፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የነገርሁሽ» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ለአብይ መልሴን ንገርልኝ። መንታዋን ለሌላ ሴት ይስጣት፤ ጥሩ ተዋናይት አትጠፋም። ልጆቹን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ ትምህርት ቤት ቢከፈትም ቅዳሜና እሑድ አይቀሩም። ይህ ዋናው ምክንያት ነው ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዳግመኛ በካሜራ ፊት ብቻ ሚስትህ መሆን አልፈልግም። በር ከፍተህ ስታየኝ፣ እንዴት እንደምትደነግጥ ሌላ ሰው ጽፎ እንዲሰጥህ አልፈልግም።

ና አላልሁህም። ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ። ብቻ ምናልባት ካሰብህ፣ ጌቱ ቅዳሜ ይመለሳል፤ ነግሬዋለሁ፣ የፊቱን ወንበር ይይዝልሃል። ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጆሮህ ይደፈናልና ከረሜላ አትርሳ። ከደጀን በኋላ ብርዱ ሌላ ነው፤ ያቺን ግራጫ ሹራብህን ልበስ። የእናቴን ቤት ቀለም አስቀይሬዋለሁ፤ አሁን ሰማያዊ ነው፤ እንዳታልፈው። ጨጓራህን የማይነካ ነገር እሠራለሁ፤ በርበሬ አላበዛም።

ልጆቹ ባል እንዳለኝ ያውቃሉ። «መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። «መንገዱ ሲከፈት» እላቸዋለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ መንገዱ ከተከፈተ መሰንበቱን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

እመቤቴ ማርያም ወጥተህ እስክትገባ አትለይህ። የእናቴ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ።

ባለቤትህ
የብርጓል