የደጀን ካሴቶች ፈተና

ጥር 15፣ 2004፣ ማክሰኞ

ወዳጄ ምናለ የደጀኑን ጌም ቤቱን ዘጋ። ሁለት ካርቶን የጌም ካሴት ዛሬ በሚኒባስ ጣሪያ ደ/ማርቆስ እኔ ቤት ገባ። ሦስተኛው ካርቶን፣ ትልቁ፣ እሱ ዘንድ ቀርቷል።

ምናለ ጠቅልሎ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው። ዕቃው እንዲበተን አይፈልግም። ወይ ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ወይ ለቆራሌው ይሰጠዋል። ቆራሌው ፕላስቲኩን ነው የሚፈልገው፤ ጨዋታው ምኑም አይደለም። መልሴን የሚጠብቀው ጥር 26፣ ቅዳሜ። እስከዚያ የመጣውን ሞክሬ መወሰን አለብኝ።

የእኔን ስብስብ አንተ ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ። የከተማው ጌም ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ ከየባለቤቶቹ የለቀምኩት ነው። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል። ሕጉ አንድ ነው፦ መጨረሻው ያልታየ ካሴት መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ሳላነብ ያሳለፍኩት ገጽ የለም፤ በጡረታም ያው ነኝ።

የምናለ ዕቃ ከገባ ሁለተኛ ግድግዳ ያስፈልጋል። እዚያ የባለቤቴ የጥሩወርቅ (ጥ.) ቡፌ ቆሟል። አልነገርኳትም። ካርቶኖቹን አየች። ቡፌውን መወልወል ጀመረች። ያ አሳሰበኝ።

ጥር 16፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ዳኛ አገኘሁ፦ ጎረቤቴ መሪጌታ ጥበቡ። ቅኔ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ ይመጣሉ። የታንኩን ጨዋታ ይወዱታል፤ ታንኩ ግን አይወዳቸውም።

አሠራር፦ አንዳችን ይጫወታል፣ ሌላው ያያል። ተሸናፊ ይነሳል። የጌም ቤት ሕግ ነው፤ ለመሪጌታም አይሻርም። የጌም ማሽኑ እንደ ልማዱ ላስቲክ ለብሷል፤ ከላስቲኩ በላይ ዳንቴል። ለካሴቱ መግቢያ ብቻ ቀዳዳ ተሠርቶለታል። እዚህ ቤት ጥ. ዳንቴል ያላለበሰችው እኔን ብቻ ነው።

መሪጌታ ሦስቱን ነፍሳቸውን ወዲያው ጨረሱ። ለእኛ አንዲት ነፍስ ተሰጥታን በጭንቅ እንጠብቃለን፣ ለዚህ ለቆርቆሮ ሦስት! አሉ። ተነሡ። እኔ ተቀመጥኩ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ታንኩ ደረቀ። ስዕሉ ቆመ፣ ድምፁ አንድ ቃና ላይ ተንጠለጠለ። አጥፍቶ ማብራት ነው። እንደገና ደረቀ።

ዳክዬው፦ ለመሪጌታ ጥሩ፣ ለእኔ ደረቀ። አውሮፕላኑ፦ ያው።

ጥር 17፣ ሐሙስ

ከፋኝ። ጡብ ድርደራውም ደረቀ።

ሁለቱ ዳኞች አልተስማሙም። መሪጌታ ሁሉንም አሳልፈዋል፤ እኔ ሁሉንም ጥያለሁ። እሳቸው የነኩት አንድም አልደረቀም፣ እኔ የነካሁት ሁሉ ይደርቃል። እጅህ ላይ ነው ነገሩ፣ ጠበል ግባ አሉኝ። ስቀው አልጨረሱም።

ምናለ ደወለ። የሆነውን ነገርኩት። ጮኸ፦ “ደጀን ላይ የሹፌር ረዳት ሁሉ ሲቀጠቅጣቸው ያልደረቁ ደ/ማርቆስ ሲገቡ ነው የሚደርቁት? ብርዱ ነው ወይስ አንተ ነህ?” ይዋሻል ብዬ አላምንም። ግን የማምነው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ስዕሉ ሲቆም ነው።

ለቆራሌው ሊሰጣቸው ነው ማለት ነው። ያን ትልቁን ካርቶን ሳላየው።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ማስታወሻዬ፣ ስማ። ታንኩ አለቀ! መጨረሻውን አየሁ። ዳክዬው አልደረቀም። አውሮፕላኑ የመጨረሻውን አለቃ አፈንድቶ ስሞች በስክሪኑ ላይ ሲወጡ ቆሜ አየሁ፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጥ. ከጓዳ ማን መጣ? አለች።

ምን እንደተለወጠ አላወቅኩም። ካሴቶቹ ያው። ጆይስቲኩ ያው። ምክንያቱን ያላወቅኩት ዜና ደስ አይለኝም። ዛሬ ግን ደስ አለኝ። ለምናለ እስካጣራ አልደወልኩም።

ጥር 21፣ ሰኞ። አስተርእዮ ማርያም

መሪጌታ ከበዓሉ በኋላ መጡ። ጉድ ላሳያቸው ታንኩን ከፈትኩ። ስድስተኛው ደረጃ። ደረቀ።

“እንዴት ያለ ድል ነው፣ ጋዜጠኛው!” አሉ። እግዜር ይይላቸው።

ካሴቱን ለመንቀል እጄን ሰደድኩ። መዳፌ ዳንቴሉ ላይ አረፈ። ሞቀ። ላስቲኩን ገለጥኩ። ማሽኑ የእንጀራ ምጣድ ሆኗል።

ያኔ ገባኝ፦ ልብሱ አፍኖት ሲግል ነው የሚደርቀው። ጥ. ለበዓሉ ዳንቴሎቹን ዓርብ ከነላስቲኩ ገፍፋ፣ አጥባ፣ በስኳር ውሃ አጠንክራ፣ ትናንት ማታ ነው የመለሰቻቸው። ቅዳሜ ማሽኑ ራቁቱን ነበር። መሪጌታ ደግሞ ሳይሞቅ ስለሚሸነፉ ነው ያልደረቀባቸው። ይህን ስነግራቸው ሳቃቸው ቀነሰ።

ዳንቴሉንም ላስቲኩንም አነሣን። ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ታንኩ ተጫወተ፣ አለቀ።

ጥ. ሰማች። “አሁን ደግሞ የካሴቱም በኔ ይሳበብ!” ብላ ዳንቴሏን አጣጥፋ ይዛ ገባች።

ጥር 22፣ ማክሰኞ

ትዝ ያለኝ ሌሊቱን ነው፦ ቆጥ ላይ “የወደቁ” ብዬ የጻፍኩበት የራሴ ካርቶን አለ። ስንት ዘመን የጣልኳቸው። አወረድኩት። መኪናው። አሣ አጥማጁ። የበረዶው ዝላይ። አንድ በአንድ፣ በራቁት ማሽን።

አንዱም አልደረቀ። አንዱም!

ስለዚህ ስብስቡ ዛሬ ከምናለ በፊት ከራሴ ቆጥ ሰፋ። የደጀኖቹ ሁለት ካርቶን ሙሉ በሙሉ አልፈዋል። ፍርዴን ለመሪጌታ አነበብኩላቸው፤ ከመጀመሪያውም ብያለሁ አሉ። ብለዋል። ምን ይደረጋል።

ለምናለ ደወልኩ። ይቅርታ አልኩት። ስለ ዳንቴሉ ስነግረው በጣም ከመሳቁ የተነሣ ስልኩን ለሰው ሰጠ። ትልቁን ካርቶን ግን አልላከም፤ አንድ ጥያቄ ቀረው፦ የት ታስቀምጠዋለህ?

ጥር 23፣ ረቡዕ

መሪጌታ ጡብ ድርደራ ይዘው ነበር። ጥ. ሻይ ይዛ መጣች። ቆማ አየች። ያቺን ወደ ጎን ያዙሯት፣ አለቻቸው። አላዞሩም። ተሸነፉ።

“መሪጌታ፣ ተሸናፊ ይነሳል” አለች።

ተነሡ። ተቀመጠች። ሁለተኛ ዳኛና አንደኛ ዳኛ ቆመን አየን። ዳንቴል እንደምትሠራው ነው፣ የሚቀጥለውን ቀድማ እያየች፣ ሳትቸኩል። ረድፉ ይሞላል፣ ይጠፋል፣ ይሞላል። እኔ ደርሼበት የማላውቀው ደረጃ ደረሰች። ሻያችን ቀዘቀዘ። ማንም አልጠጣ። መሪጌታ በመጨረሻ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ስትነሣ ወደ ግድግዳው ተመለከተች። ሌላ ስንት አለ? አለች። ትልቅ ካርቶን፣ አልኩ። ቡፌዋን አየች። ወጣች።

ጥር 24፣ ሐሙስ

ጧት ስነሣ የቡፌው ብርጭቆዎች ወጥተዋል። በጋዜጣ ተጠቅልለው በባዶው የምናለ ካርቶን ውስጥ ተደርድረዋል። ቡፌው ግን ቦታው ነው። አልጠየቅኳትም።

ቁርስ ላይ ራሷ አነሣችው። እኅቷ ነገ ከደብረ ኤልያስ ትመጣለች፤ ቡፌውን ዐይታ ትወስደው እንደሆነ ትናገራለች። ካልወሰደች ቡፌው ይቆያል፣ ካርቶኑም ደጀን ይቀራል። ከወሰደችው ቅዳሜ ጧት ለምናለ የምለው አንድ ቃል ነው፦ ላከው።