በምርቃቱ መካከል የተጨመደደው በርሜል

መጋቢት 24፣ ረፋድ
ለጋዜጣችን ልዘግብ አዲስ ቅዳም ከተማ ነኝ። የወረዳው እንግዳ አሁንም አልመጣም። ወ/ሮ ጥሩዬ ውሃ የጠማው ችግኝ መሐል ቆማለች። የግራር ችግኝ አፍልታ ሸጣ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ምንጩ ከታች፣ ችግኙ ከላይ፤ በጄሪካን ተሸክማ አልቻለችም። በያጁ ዓለምነህ ውሃውን በእንፋሎት ሊያወጣላት ነው። በርሜል ውስጥ ጥቂት ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ አየሩን ያስወጣል። እሳቱን አውጥቶ በርሜሉን ይደፍናል፤ ወዲያው ወደ ምንጩ የሚወርደውን ቧንቧ ይከፍታል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ባዶው በርሜል ውሃውን ሽቅብ ይስባል። ጠዋት ሲሞክረው አየሁ። ሠራ።

ማታ
ደሜ ፈልቷል። እሳቱ ወጥቶ፣ በርሜሉ ተደፍኖ፣ የዓለምነህ እጅ ቧንቧው ላይ እያለ እንግዳው ደረሰ። "ቆይ ቆይ! ሳይመረቅ ይከፈታል እንዴ?" አለ። የሚመርቁት ሽማግሌ ተነሡ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ዓለምነህም ቧንቧውን ለቆ ዘረጋ። ምርቃት አይቋረጥማ! ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለመንገዱ። ጥሩዬ "አባ፣ ያሳጥሩልን" ብትላቸው ጭራሽ ለእሷም ጨመሩላት። "አሜን" ስንል በርሜሉ ጓ! ብሎ ወደ ውስጥ ተጨመደደ። የተጎዳ የለም። አንድ ከሰል አክሳይ "ምርቃቱ ከበደው" አለና ሰው ሳቀ። ጥሩዬ አልሳቀችም።

መጋቢት 27
ጋዜጣው ወጣ። "የእንፋሎት በርሜል ፈነዳ።" ማን ነው ፈነዳ ያለው? የጻፍኩት "ቧንቧው በጊዜው ስላልተከፈተ ተጨመደደ" ነው። ዋና አዘጋጁን ጠየቅሁ። ያው ተበላሽቷል አይደል፣ አለኝ። ያው አይደለም! ይኼን ያህል ዘመን ጽፌ ለአንድ ግሥ ልለምን?

ሚያዝያ 1
የፈራሁት ደረሰ። ወረዳው "ፈንጂ ነገር" ብሎ ሥራውን አገደ። ማስረጃው የእኛ ጋዜጣ። ዓለምነህ ወፍራም በርሜል አግኝቷል፤ መንካት ግን አይችልም። ጥሩዬ ደወለች። "ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ቆመው አልነበር? የቱ ነው የፈነዳው?" ችግኙ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል አለችኝ።

ሚያዝያ 2፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
እርማት ጻፍኩ። ዋ/አዘጋጁ ቦታ የለም አለ። ለበዓል መልካም ምኞት ግን ሙሉ ገጽ አለ!
እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ቆርጫለሁ። ጋዜጣችን ወዳለበት ወደ ቆሰበር ከተማ የሚመጣ ከሰል ጫኝ አይሱዙ አነጋገርኩ። ነገ የተጨመደደውን በርሜል ያመጣልኛል። ዝግጅት ክፍሉ በር ላይ አቆመዋለሁ። የገባ የወጣ የበርሜሉን ሆድ በእጁ ይዳስስ፤ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ ራሱ ይፍረድ። እርማቱ እስኪወጣ አላነሣውም። ዘበኛው ካነሣው መልሼ አቆመዋለሁ።