የወይዘሮ አስካለ አዋጅ

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

አስካለን ዛሬ አልገደልኳትም። ጾም ስለሆነ ብቻ ነው፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በመስኮታችን ሥር እየተንጫጩ ለቅዳሴ ይሄዳሉ። ቤዛ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማቸዋለች። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአፏ አትናገርም፤ ሳትናገር የምትናገርበት ግን ብዙ መንገድ አላት። ዛሬ ነጠላዬን ከአልጋው ላይ ጎትታ፣ ግማሹን ራሷ ላይ፣ ግማሹን ጎማ ውስጥ አድርጋ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ በሩ ገፋች። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አማርኛ አለ?

ወሰድኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በክረምት ጭቃው ሲጨመርበት አራት መቶ ይሆናል። ከበሩ ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ቆማለች።

«የኔ እናት፣ ለመሳለም ከሆነ ግቡ። ለቁርባን ግን… ያው ታውቂዋለሽ» አለችና የቤዛን አገጭ አየች። አገጯ እርጥብ ነበር። ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

የቆረበ ሰው የዚያን ቀን አይተፋም፤ ከአፉ ምንም እንዳይወጣ በነጠላው ይሸፍናል። ቤዛ ደግሞ ስትወለድ አየር አጥሯት ጡንቻዋ አይታዘዛትም፤ ከንፈሯም ጭምር። ምራቋ ይፈሳል። ሁለት ዓመት እስኪሆናት ድረስ እንደማንኛውም ሕፃን አቅፌ አስቆርባት ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ አስካለ «ይቺ ልጅ ቅዱሱን ታፈሳለች! ድፍረት ነው፤ በሷም ባንቺም ይፈረዳል» ብላ አወጀች። አዋጁ ይኸው ሰባት ዓመት ደፈነ።

የአስካለ ሥልጣኖች፦ የሴቶች በር ጠባቂ፣ የጫማ አሰላለፍ ኃላፊ፣ የቀሚስ ርዝመት መርማሪ፣ የምራቅ ጉዳዮች የበላይ ተቆጣጣሪ። ማን እንደሾማት እንጃ።

ቤዛ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ሦስት የዩኒፎርም ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። ሦስቱንም ፈታሁ።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ዝናብ። ብርድ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ መሥራት የተማረው ለንግድ ሳይሆን ለነፍሱ መሆኑን ነሐሴ ያስታውሰኛል።

ስድስት ልጆች ዩኒፎርም ሊለኩ መጡ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ለትምህርት ቤት የማለብሰው እኔ ነኝ፤ የኔዋን የሚቀበላት ትምህርት ቤት ግን አላገኘሁም። በዚህኛው ሌላ ቀን እናደዳለሁ። ዛሬ ተራው አይደለም።

በዚህ ክረምት በነጻ የተሰጡኝ ምክሮች፦

— ቡዳ ነው።
— ቡዳ አይደለም፣ እርጉዝ ሳለሽ ትናደጂ ስለነበር ነው።
— ቶሎ ሌላ ውለጂ።
— ከሰው ፊት አታብዣት።
— «እግዜር የሚወደውን ይፈትናል።» (ይህን ያለችኝ ሴትዮ አራት ጤነኛ ልጆች አሏት። እግዜር ምን ያህል ቢጠላት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።)

ማታ ለደረጀ ነገርኩት። ደረጀ ባሌ ነው፤ በአንኮበር መስመር ሚኒባስ ይነዳል። «ተዪው» አለ። ከቃላት ሁሉ የሚወደው ይህን ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ተዪው። ባጃጆቹ ወንበሯን አይተው ሳይቆሙ ሲያልፉ ተዪው። አንድ ቀን ራሱን እተወዋለሁ።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

እማማ ሸዋነሽ ከአንኮበር ገቡ። የደረጀ እናት ናቸው፤ ባላቸው ቄስ ነበሩ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ከልጃቸው ሚኒባስ የፊቱን ወንበር ይዘው፣ ጭናቸው ላይ አንድ ጄሪካን ጸበል አስቀምጠው ነው የመጡት። ጄሪካኑን ሳይ «ልጅቷን ለምን ጸበል አትወስጃትም?» ሊሉኝ ነው ብዬ መልሴን መሳል ጀመርኩ። አላሉኝም። ይህም አናደደኝ። የተሳለ ነገር እጅ ላይ ሲቀር የያዘውን ይቆርጣል።

በስድስት ሰዓት ልጆቹ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ቤዛ ጮኸች። «ምን ሆና ነው?» አሉ። ነገርኳቸው፤ የሰባቱን ዓመት በሙሉ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከነስድቡ።

«አይሆንም ያሉት ቄስ ማን ናቸው?» አሉ።

«ቄስ አይደሉም። አስካለ ናት።»

«አስካለ ምንድን ናት?»

«…ጫማ ታሰልፋለች።»

«የነፍስ አባትሽስ ምን አሉ?»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። እማማ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «አበስኩ ገበርኩ! ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀድስ ኖሮ እንዲህ ያለ ሥልጣን አንድ ቀን አላገኘም» አሉ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሱሪ ሰፋሁ። አንዱ ሦስት እግር ሊኖረው ለጥቂት ተረፈ።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

የተናደድኩት በራሴ ነው። ለጽሑፍ አይመችም፤ ሰው ራሱን ሲሰድብ ቀልዱ ይጠፋዋል።

መምሬ ተክሌ፣ የነፍስ አባታችን፣ በየወሩ ቤታችን ይመጣሉ። ጸበል ይረጫሉ፣ ቤዛን በመስቀላቸው ይባርካሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። በሰባት ዓመት ስንት ሻይ እንደሆነ ማባዛት አልፈልግም። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሐኪም ጠይቄያለሁ። በስልኬ የማላውቃቸውን ሰዎች ጠይቄያለሁ። አንዴ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የበግ ነጋዴ ሳይቀር ጠይቄያለሁ (ለበጎቹ የሚሰጠውን መድኃኒት ነገረኝ)። ከፊቴ ተቀምጠው ሻይ የሚያማስሉትን ቄስ አልጠየቅኩም።

ፈርቼ ነዋ። አስካለ «አይሆንም» ስትል አስካለን መጥላት ይቻላል። እሳቸው «አይሆንም» ቢሉኝ ማንን ልጠላ ነው? ወደ ላይ ማንጋጠጥ ሊመጣ ነው። ስለዚህ የአስካለን አዋጅ እንደ ትራስ ተንተርሼው ከረምኩ። መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የከረመችው ግን ቤዛ ናት።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ፣ ቡሄ

ጅራፍ ከማለዳ ጀምሮ ይጮኻል። ቤዛ በጮኸ ቁጥር ትስቃለች፤ የሰፈሩ ውሾች አይስቁም።

ከሰዓት በኋላ መምሬ ተክሌ መጡ። እማማ ሙልሙል አቀረቡ። እኔ ሻይ አላፈላሁም፤ ቆሜ በቀጥታ ጠየቅኳቸው።

«ማነው አይሆንም ያለሽ?» አሉ፤ ቅንድባቸው ጥምጣማቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ነገርኳቸው። «እንዴ! የአርባ ቀን ሕፃን ስናቆርብ ምራቁ አይፈስም? እሱን ተቀብለን እሷን…» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ጀመርኩ። የተጠራቀመው ሁሉ መጣ።

«እርስዎስ? በየወሩ እየመጡ ሲባርኳት፣ ይቺ ልጅ ለምን አትቆርብም ብለው አንድ ቀን ለምን አልጠየቁኝም? የሌላው ሰው ልጅ አንድ እሑድ ሲቀር በስሙ እየጠሩ የት ሄደ ይሉ የለም እንዴ?»

እማማ «በስመ አብ! በቄስ ላይ!» ብለው አማተቡ። መምሬ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት፣ አገላበጡት።

«ሕመሟ የሚከለክላት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ብጠይቅሽ ደግሞ ሆድ የሚብስሽ መሰለኝ። አልጠየቅኩም። ጥፋት ነው ልጄ።»

ይህን አልጠበቅኩም። በሩን በትከሻው ሊሰብር ተንደርድሮ ክፍት ሆኖ እንዳገኘው ሰው ልወድቅ ነበር።

ያዘዙኝ፦ ሐሙስ ለፍልሰታ አምጪያት። የረቡዕን ራት በጊዜ ትብላ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አትቅመስ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አገጯ ሥር ያዢ። የወደቀ ነገር ካለ ቤት ወስደሽ አትጠቢው፤ ጨርቁን ለኔ ስጪኝ፣ የሚደረገውን አውቃለሁ።

አላመሰገንኳቸውም። ሲወጡ ሙልሙል ቋጠርኩላቸው። ትልቁን አይደለም።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ለነገ፦

— ጨርቅ። አንድ ነው የተባልኩት፤ አራት ሰፋሁ።
— ነጠላ፣ ጥለቱ ቢጫ። ራሷ መረጠችው። ሰማያዊውን ሳሳያት ወረወረችው።
— የወንበሩ ግራ ጎማ ይጮኻል።
— አስካለ። እንጃ።

ብትጮህስ። ብታስላትስ። ብታስመልስስ። እውነትም ብታፈሰውስ? አስካለ ልክ ብትሆንስ? ይህን የመጨረሻውን ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት።

ደረጀ ጎማውን ግራሶ ሲቀባ ሳልጠይቀው ተናገረ። በየዓመቱ የፍልሰታ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ወደ አንኮበር የሚወጣው ተሳፋሪ ኖሮ አይደለም አለ። ልጆቹ አፋቸውን ሸፍነው ከቅዳሴ ሲመለሱ ላለማየት ነው። ባዶ መኪና ይዞ፣ በዚያ ጉም ውስጥ። ገደሉ በቀኝ፣ እሱ በዝምታ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም።

«ተዪው የምለው አንቺን ብቻ ነው እንዴ? ራሴንም ነው» አለ፣ ከጎማው ላይ ቀና ሳይል።

ነገ ሚኒባሱ አይወጣም።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ፣ ፍልሰታ



ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ጭቃው ወንበሯን ከደጃፍ አላሳልፍ አለ። ደረጀ ተሸከማት። በቅዳሴው መሐል ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ አንዱን «ተንሥኡ» ሲባል፣ ልክ በሰዓቱ። አስካለ ከዓምዱ ሥር ሆና ዓይኗን ተከለችብን። መምሬ አስቀድመው አነጋግረዋት ኖሮ ከከንፈሯ በቀር የተነቃነቀ ነገር የለም።

ተራችን ደረሰ። ደረጀ አቅፏታል። እኔ ጨርቁን አገጯ ሥር ዘርግቻለሁ። እማማ ከኋላ የሚጋፋውን በክርናቸው ይመልሳሉ። ሥጋውን ከመምሬ እጅ ተቀበለች። ዋጠች። ሰባት ዓመት የፈራሁት እዚች ላይ ነበር። ምንም። ጨርቁ ደረቅ ነው። ከዚያ ዲያቆኑ፣ አንድ ጢማም ጎልማሳ፣ ቅዱስ ደሙን በእርፈ መስቀሉ ሲያቀብላት፣ ቤዛ ማንኪያውን ነከሰችው።

ነክሳ ያዘችው። መንጋጋዋ አንዳንዴ እንዲህ ይቆለፋል፤ እኛ እናውቀዋለን፣ በተጎተተ ቁጥር ይብሳል። ዲያቆኑ ከየት ይወቅ? ደንግጦ ሊስበው ሲል «እንዳትጎትት!» አልኩ። ጮኼ። መቅደሱ ፊት፣ ዲያቆን ላይ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ትንሽ ይጠብቋት፤ ራሷ ትለቀዋለች» አልኩት።

ጉንጯን በጣቴ ቀስ እያልኩ አሸሁላት። ዲያቆኑ ማንኪያውን እንደያዘ፣ መምሬ እንደቆሙ፣ ከኋላ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ኋላ እናቶቹ፣ ሁሉም ቤዛን ጠበቀ። ከተወለደች ይህን ያህል ሰው ቆሞ ጠብቋት አያውቅም። እሷ የዲያቆኑን ጢም ትኩር ብላ ታያለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ወረደ፣ ወጣ። መንጋጋዋ ላላ። ማንኪያው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ታፈሳለች የተባለችው ልጅ አልለቅም አለች።

አፏን በነጠላዋ ሸፈንኩላት። ደረጀ ፊቱ ርሶ ነበር። ዝናብ ነው ይላል፤ ጣሪያ ሥር ነበርን። በኋላ ጨርቁ ላይ የምትታይ ትንሽ እርጥበት አገኘሁ፤ ለመምሬ ሰጠኋቸው። ተቀብለው አጠፉት።

በሩ ላይ አስካለ ጠበቀችን። «እንኳን ደስ ያለሽ! እኔኮ ድሮም አምጪያት እልሽ ነበር» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በሰው ፊት። እማማ ክርኔን ጨብጠው ባይዙኝ ኖሮ ይህ ማስታወሻ የሚጻፈው ከፖሊስ ጣቢያ ነበር።

አሁን ቤዛ ተኝታለች። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ ብዕሬ ላይ የሚመጣው ግን ያለፉት ነሐሴዎች ናቸው። እሑድም እንወስዳታለን። ተረኛው ሌላ ዲያቆን ከሆነ እንደምትነክስ አስቀድሜ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ቢሰማ እንዳይፈራት ሰጋሁ። ዝም ማለቱን ግን ሰባት ዓመት ሞክሬዋለሁ።