ከሞላ ጋር የምካፈላቸው ጽዶችሽ

ዘነብዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሊገባ ነው። መሠረተ ትምህርት ስገባ «በስተርጅና ፊደል!» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር፤ ይኸው ላንቺው ጻፍኩበት።

ቤታችን ፈርሷል። አትደንግጪ፣ የኛ ብቻ አይደለም። መንደር ምሥረታ ተብሎ በየጉብታው ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ ሜዳው ላይ ባንድ እንዲሰፍር ታዘዘ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ሜዳውን በገመድና በችካል ሸነሸነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያረፈው የት መሰለሽ? አንቺ ከተከልሻቸው ጽዶች ላይ። ሙሽራ ሳለሽ ከገነተ ማርያም፣ ከናትሽ ቤት፣ ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ስታመጪ ትዝ ይለኛል። እኔ ስቆፍር ከላዬ ቆመሽ «ጠለቅ አድርገው እንጂ፣ ድንች መሰለህ?» ትይኝ ነበር።

ዛፎቹ ይቆረጡ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ለአዲሱ ቤት ማገር ይሆናሉ» ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበ። ጎረቤታችን ጥሩዬ ተነሥታ «ልጆቼ ዝናብ እየመታቸው ለዛፍ ላልቅስ? ይቆረጥ!» አለች። አልፈረድኩባትም። የሷ ቤት ምስጥ የበላው ነበርና ሲያፈርሱት ደህና እንጨት አልተረፋትም። እኔም ከመንግሥት ጋር ምን አጋፋኝ ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ሞላ ተነሣ።

ሞላን ከኔ በፊት ነው የምታውቂው። አባትሽ ለኔ ሳይሰጡሽ በፊት ለሱ ታጭተሽ ነበር። ቤተ ሰቦቻችሁ ተጣልተው ነገሩ ፈረሰ፤ እሱም ሌላ አገባ፣ ሚስቱም ሞተችበት። ይኸን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጅ ሲነሣሽ፣ ጎንበስ ብሎ የሚቆየው ለሌላው ሰው ከሚቆየው ይረዝምብኝ ነበር። «ኧረ ተው፣ ወገቡን አሞት ነው» ትይኝ ነበር አንቺ።

«ጓድ፣» አለ ካድሬውን፣ «ገመዱን ትንሽ ቢያጎብጡት ምናለ? እነዚህን ጽዶች ያሳደገቻቸው ዘነብዬ ናት። በድርቁ ጊዜ እንኳ ከእንስራዋ ሥር የቀረችውን ጠብታ ለነሱ ነበር የምታፈስ።»

ዘነብዬ አለ! በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እኔ ብቻ የምጠራሽን ስም! ደግሞስ የእንስራሽን ጠብታ ከየት ሆኖ አየ? ደሜ ፈላ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ባሏ እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። «አባት፣ ዛፉም መሬቱም የሕዝብ ነው። መስመሩም አይጎብጥም» አለኝ።

«አይጎብጥ። ዛፎቹ ያሉበትን ቦታ ለኔ ስጡኝ። የቤቴን በር ከመስመሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ቤቱን ግን አጥብቤ በመካከላቸው እሠራለሁ። ለማገሩ ከሆነ የፈረሰው ቤቴ እንጨት ለጥሩዬ ይሁን።»

ጥሩዬ አንገቷን ደፋች። ካድሬው ገመዱን ለካና «ዛፎቹ የያዙት የሁለት አባወራ ቦታ ነው። ላንድ ሰው ሁለት አይሰጥም» አለ።

«ሁለተኛውን እኔ እወስዳለሁ» አለ ሞላ። «የኔም ቤት ሣር ለጥሩዬ ክዳን ይሁን።»

እንዲህ ሆነና ካድሬው እሺ አለ፤ ከጽዶችሽ የመንገዱ መስመር ላይ ያረፉት ሁለቱ ብቻ ተቆረጡ። ሲወድቁ ቆሜ ማየት አቅቶኝ ወደ ወንዝ ወረድኩ። ሞላ ግን ቆሞ አይቷል፤ ይኸም አንገበገበኝ።

አሁን ጎረቤታሞች ነን። ጠዋት በሬን ስከፍት አንዱን ጽድሽን ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘዋለሁ። ቦታው የሱ ነው፣ ተነሥ አልለው። በጋውን ቀድሞኝ ተነሥቶ ያጠጣ ነበር። እኔም ማልጄ መነሣት ጀመርኩ፤ እሱም ይባስ ብሎ ማለደ። ጥሩዬ «ሁለት ሽማግሌ ምንጩን ልታደርቁት ነው» እያለች ትስቅብናለች።

በቀደም ግን ወጣ ሳይል ቀረ። ብገባ ወባ ይሁን ብርድ፣ ተንዘፍዝፎ ተኝቷል። እሳት አንድጄለት ጥሬ ቆላሁለት። ውሃ ቀድቼ የኔን ጽዶች አጠጣሁና፣ የሱን ዝም ብዬ ላልፍ አልኩ። ማለፍ ግን አልሆነልኝም። ሁሉንም አጠጥቼ ስመለስ ከተኛበት ቀና ብሎ «የኔዎቹንስ አጠጣህልኝ?» አይለኝ መሰለሽ!

«የማንን ነው ያንተ የምትለው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «እኔ ከሷ ጋር የኖርኩባት አንዲት ቀን እንኳ የለችኝም። ዛፏን አትንፈገኝ» አለ። ጋቢዬን ደርቤለት ወጣሁ።

አሁን ተሽሎታል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኔ ብቀድመው ጽዶችሽ ሁሉ የሱ ሊሆኑ ነው። እሱ ቢቀድመኝ ደግሞ ካንቺ ዘንድ ቀድሞኝ ሊደርስ ነው። ሁለቱም አልዋጥልኝ አሉ። እስካለሁ ድረስ ግን ከማንም አስበልጬ አስብሻለሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ከመጣ፣ እባክሽ «ከጎኔ ያለው ቦታ የባሌ ነው» በይው።

ባልሽ