ለተገነጠለው ምዕራፍ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን።

በቀደም ባለቤቴን ከቢሮዎ ደጃፍ ቆሜ ስጠብቅ፣ በጥናቷ ስለያዘችው ልብ ወለድ ሲያወሩ፣ "ይኼ ደራሲ የት ማቆም እንዳለበት ያውቅበታል!" ሲሉ ሰማሁ። ቃልዎን አምኜ ቤተ መጻሕፍት ወረድኩና ብቸኛውን ቅጂ ገለጥኩ። እውነትም መጽሐፉ "እናትየው በሩን ከፍታ" ብሎ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ገጾች ተገንጥለው የቀረ የወረቀት ጥርስ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማሰሪያ አንቀጹ በሌባ የተወሰደበትን ዓረፍተ ነገር "የአፍሪካዊው ልብ ወለድ የዝምታ ሰዋስው" ብላችሁ ሰይማችሁ፣ ተማሪ በተማሪ ላይ ስላስመረቃችሁበት አመሰግናለሁ። ከአንድ ቀዳጅ ጣት ይህን ያህል ንድፈ ሐሳብ መጭመቅ ጸጋ ነው።

፪. ባለቤቴ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሙሉውን ቅጂ አግኝታ፣ እናትየው በሩን ከፍታ የጠፋ ልጇን እንደምታገኘው፣ እስከዚያ "እሱ" ብቻ ስትለው የኖረችውንም በስሙ እንደምትጠራው ስትተነትን፣ ገምጋሚዎቻችሁ "እመቤት፣ ይኼን ልጅ ደግሞ ከየት ወለድሽው?" ብለው ስለሳቁ አመሰግናለሁ። መጽሐፉን ከቦርሳዋ ብታወጣላቸው "ትምህርት ክፍሉ የሚያውቀው ቅጂ አይደለም" ብለው ሳይገልጡት መለሱላት። እንዲህ ያለ ታማኝነት በትዳር ውስጥ እንኳ አላየሁም።

፫. ጥናቷን "ታርሞ ይቅረብ" ብላችሁ ስለመለሳችሁት። ዲግሪው ካልመጣ የምታስተምርበት ኮሌጅ ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥባት ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የማንቆርቆሪያው ድምፅ ብቻ ነው። እኔም አቅሜ ምክር ነውና፣ "ተያቸው፣ ሐቅሽን ያዥ" አልኳት። "ሐቄን ታቅፌ ልቀመጥልህ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄዋን እርስዎ ቢመልሱላት ብዬ ነው መጻፌ።

ለአራተኛው የሚሆን ምስጋና አልቀረኝም፤ ልመና ብቻ ነው ያለኝ፦ ክቡርነትዎ፣ አንድ ጊዜ መጽሐፉን ይግለጡት።

ዕድሜዎ ገጽ ሳይጎድለው እንዲፈጸም የሚመኝልዎ፣
በኮሪደርዎ ብዙ የቆመ ባል

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ሙሉውን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችሁ ላበረክት አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን ለካ ሳትነግረኝ ስለ ልጁ መገኘት የጻፈችውን የመጨረሻ ምዕራፍ ከጥናቷ አውጥታ አቅርባ ኖሯል፤ ትናንት በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች። መጽሐፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።